ጎማ በጧት ይለካል

ሻርጃ፣ ሰናዒያ አሥር፤ ቆርቆሮው ገና ሳይግል፣
ወበቁ ከባሕር ተነሥቶ ደረት ላይ ሳይቆለል፣
አቡ ሱሄል ደረሰ ነጩን ፒካፕ እየነዳ፣
አራት ሰፋፊ ጎማ ጭኖ ለአሸዋ ሊሰናዳ።
«አሮጌውን አውልቅ፣ አዲሱን ግጠም» አለኝ፣
«ዓርብ ነው፤ በዳየር ልጆቹን ላድርስ፣ ቶሎ በልልኝ።»

ክሪኩን አስገባሁ፤ ዳዶው ጮኸና ላላ፤
አራቱ ቸርኬ ወርዶ አራቱ ለበሰ ሌላ።
ንፋስ ሞላሁለት፣ አርባ፤ ልክ ነው ብዬ ቀና ስል፣
ቢጫዋ መብራት ክሩስኮቱ ላይ ብልጭ፣ ድርግም፣ ብልጭ ስትል፤
ድስት የመሰለችዋ፣ ቃለ አጋኖ ሆዷ ውስጥ ያላት፣
ማንም የማይጠይቃት ምን እንደሆን የሚያማት።

ጉልዛር ከጎኔ ሳቀ፤ ጥቁር ፕላስተር ከኪሱ አወጣ፤
«ለጥፍባት» አለኝ፣ «ያላዩት መብራት አያመጣም ጣጣ።»
የፔሻዋር ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ልቡ ደግ፤
ስንቱ መኪና ነው በሱ ፕላስተር አውራ ጎዳና ላይ የሚበር።

እኔ ግን እጄን የፈታሁት ኮምቦልቻ ነው፣ ባሻ ይመር ዘንድ፤
ጎማ በብረት ዘንግ መትቶ የሚያዳምጥ ሰው።
ጆሮውን ዘንበል አድርጎ «ይሄ ተርቧል» ይላል፣ «ያኛው ጠግቧል፤»
ካላማዳሪ ነበር ያኔ፤ ሲያንስ ይደነቁራል፣ ሲበዛ ይደውላል።
አንድም ቀን አልተሳሳተም።
አይ፣ አንድ ቀን ተሳስቷል። እሱን አላወራም።

እዚህ ዘንግ የለም። ከቫልቩ ሥር አንዲት ትንሽ ነገር አለች፣
አውራ ጣት የምታህል፣ በጨለማ ከንፋሱ ጋር የምትዞር፣
ያለውን ያህል «ይህን ያህል አለ» ብላ የምትጣራ።
እሷ አትዋሽም። ሰሚው ነው ያላወቀው፤
ፋብሪካ «ስልሳ» ብሎታል፣ ሲሚንቶ ለሚጭን ጀርባ፤
ሰፊው ጎማ ግን፣ ድንኳንና ልጅ ለሚይዝ፣ ይበቃዋል አርባ።
ጭነቱ ወርዷል፤ ቁጥሩ አልወረደም።

ስልኬ ጠራ። ያንችወሰን፣ እህቴ።
«ደህና ነህ?»
«ደህና ነኝ።»
«ፎቶህን ያየ ሁሉ ከሳ ይላል።»
«ሙቀቱ ነው።»
«የቤቱስ ብር…»
«ሰኞ እልካለሁ።»
ጉልዛር አማርኛ አይሰማም፤ ፕላስተሩን በጣቱ እየሳበ
ዝም ብሎ አየኝ፣ ያልኩትን ሁሉ ፊቴ ላይ እንዳነበበ።

«አሰናብተኝ እንጂ!» አለ አቡ ሱሄል፣ ሰዓቱን እያየ።
«ጎማ በጧት ነው የሚለካው» አልኩት፤ «ቀትር ላይ ይዋሻል፤
ንፋሱ በሙቀት ያብጥና የሞላ ይመስላል።»
መሣሪያውን ከመሪው ሥር ሰካሁ፤ ስልሳን ፍቄ አርባ ጻፍኩ።
ከዚያ በተራ፣ ከግራ ፊት ጀምሬ፣ መጥሪያውን አስጠግቼ ጠራሁ።

ግራ ፊት። ጥሩምባው ጮኸ፤ አለሁ አለ።
ቀኝ ፊት። ጮኸ።
ቀኝ ኋላ።
ቀኝ ኋላ።
ቀኝ ኋላ፣ ስማኝ እንጂ።

መልሼ አወረድኩት። ሰውዬው «ኡፍ» ብሎ ጥላ ፈለገ።
ባትሪዋ አልቋል፤ አሥር ዓመት ዞራ፣ አሥር ዓመት ተጣርታ
ማለቋን እንኳ የምትናገርበት አቅም አጥታ።
ከመደርደሪያ ሌላ አመጣሁ። ሃምሳ ድርሃም አልኩ፤ ሠላሳ ሰጠኝ።
ገጠምኩ፣ ሞላሁ፣ ጠራሁ፤
ጮኸ።
ግራ ኋላም ጮኸ፤ ቢጫዋም እንደ ሰው ዓይኗን ከደነች።

ሄደ። አሸዋው አፋፍ ላይ ወርዶ እስከ አሥራ አምስት ያስተነፍሰዋል፤
መብራቷም ትበራለች፤ ያኔ እውነቷን ነው፣ ይተዋታል።
ሲመለስ መሙላቱን ካልረሳ።

ጉልዛር ፕላስተሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።
የሞተችዋን በመዳፌ አገላበጥኳት፤ ከጥርስ ትቀላለች።
እጄን በቤንዚን ታጠብኩና መልሼ ደወልኩ።
«ምነው?» አለች ያንችወሰን፣ ደንግጣ።
ቆርቆሮውን ቀና ብዬ በመዳፌ ነካሁት፤
ገና አልጋለም።